የወንበሩ ቁመት

ልብስ ስፌት ፋብሪካው የቀጠረን በአንድ ቀን ነው። እሷ ከጀልዴሳ ገጠር መጥታ ከተማ ያገባች፣ እኔ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ። በሥልጠናው ጊዜ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስታገል እሷ ኪሱን ሰፍታ ጨርሳ ትስቅብኝ ነበር። አማርኛዋ ከኦሮምኛ ጋር ይቀላቀላል፤ ስትናደድ ሶማልኛም ይጨመርበታል። «አቦ፣ ያንቺ እጅ ለእስክሪብቶ ነው የተፈጠረው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ዲፕሎማ ስለነበረኝ በዓመቱ ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ። እሷ እዚያው ኪስ ስትሰፋ ቀረች፤ አለቃዋም እኔ ሆንኩ።

አጭር ናት። የስፌት መኪናው ጠረጴዛና ወንበሩ ግን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ወንበሩ መደገፊያ የለው፣ ከፍ ዝቅ አይል። ስትቀመጥ ጠረጴዛው ደረቷ ጋ ይደርሳል። መርፌውን ለማየት አንገቷን ታሰግጋለች፣ ክንዷን ለማሳረፍ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ትሰቅላለች። እንደዚያ ሆና ነው ቀኑን ሙሉ የምትውለው። እኔ በተሾምኩ ሰሞን አሮጌ ብርድ ልብስ አጣጥፋ፣ በሻርፕ ጠቅልላ አመጣችና ወንበሩ ላይ አደረገችው። ትከሻዋ ወረደ። አየሁ፤ አልከለከልኳትም።

አንድ ጠዋት የምርት ኃላፊው ጠሩኝ። ልብሱን የሚገዙ የውጭ አገር እንግዶች ሊጎበኙን ነው። «ወንበር ላይ ጨርቅ በሉት ትራስ፣ ምንም ነገር እንዳላይ» አሉኝ። ሄጄ ነገርኳት።

«ለዛሬ ብቻ ነው?»

«ለዛሬ ብቻ።»

ተነሥታ ሰጠችኝ። ዕቃ ቤት ወስጄ አስቀመጥኩት። እንግዶቹ መጡ፣ ዞሩ፣ ሄዱ። በማግስቱ ስትጠይቀኝ «ኃላፊው እስኪረሱት ትንሽ ጠብቂ» አልኳት። በሳምንቱ ስትጠይቀኝ «ላንቺ ከፈቀድኩ ሌሎቹም ይላሉ» አልኳት። ሦስተኛ አልጠየቀችኝም። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ሹመቱ አዲስ ነበር፤ ወድጄውም ነበር።

ከወራት በኋላ እጇን ማራገፍ ጀመረች። ውኃ የነካው ይመስል ታራግፈዋለች።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ይደነዝዘኛል። ፋኑ ነው መሰለኝ፣ ብርድ መትቶኛል።»

እኛም ብርድ ነው አልን። በዚያ ሁሉ የድሬ ሙቀት! ወጌሻ አሻት። የፋብሪካው ክሊኒክ ማስታገሻ ሰጣት። ኪሶቿ መጣመም ጀመሩ። ከመስመሩ ሁሉ ፈጣን የነበረችው ሴት ሥራ እየተከመረባት፣ ከእሷ ቀጥለው የሚሰፉት ቁጭ ብለው ይጠብቋት ጀመር። ማስጠንቀቂያ ጻፍኩባት። «እዚህ ጋ ፈርሚ» አልኳት። እስክሪብቶው ሁለቴ ከጣቷ ወደቀ። አንሥቼ ሰጠኋት እንጂ፣ ለምን እንደወደቀ አልጠየቅኋትም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከእሷ አጠገብ ቆሜ ሌላ ሴት ሳነጋግር የመኪናዋ ድምፅ ተለወጠብኝ። ዞር ስል መርፌው የቀኝ እጇን ሌባ ጣት በስቶ ወጥቷል። አልጮኸችም። ጨርቁ ላይ የሚንጠባጠበውን ደም የሌላ ሰው ይመስል ታየዋለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አልተሰማኝም» አለችኝ። «ዋላሂ፣ አልተሰማኝም።»

ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቷን ካሸገላት በኋላ ሥራዋን ጠየቃት፤ ከዚያም «እስኪ ስትሠሪ እንዴት እንደምትቀመጪ አሳዪኝ» አላት። እዚያው ወንበር ላይ ትከሻዋን ሰቀለች፣ አንገቷን አሰገገች። ፊቱ ተለወጠ። አንገቷን ኤም.አር.አይ. አስነሥቶ ካየ በኋላ የአንገቷ ዲስክ ወጥቶ ወደ እጇ የሚወርደውን ነርቭ እንደተጫነው፣ መቆየቱንም ነገራት።

«ከፍ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ አይቻልም ነበር?» አላት።

ወደ እኔ አልዞረችም። «አይቻልም ነበር፣ ዶክተር» አለች።

ሸፈነችኝ። እዚያው ብታዋርደኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሥራ አልተመለሰችም። እኔ በነጋታው ቴክኒሻኑን ጠርቼ የአጫጭሮቹን ሴቶች ወንበሮች እግር በእንጨት ከፍ እንዲያደርግ ለመንኩት። ለእግራቸውም ማሳረፊያ ሠራላቸው። ጠዋት ጀምሮ ለምሳ ሳንወጣ ጨረሰ። ኃላፊው አይተው «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አፌን በሻሼ አፍኜ አለቀስኩ።

ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሕመሙ ቀለለላት፤ ጣቶቿ ግን እንደነበሩ አልሆኑም። ባለፈው ቅዳሜ ከታይዋን ገበያ ለልጇ ጫማ ገዝቼ ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ ማበጠሪያ ይዛ «አዮ፣ ፀጉሬን» ስትላት እናትየዋ እንዲያበጥሯት ወደ ጎረቤት ላከቻት። ሁለታችን ቀረን።

«አሁን እኔ ቦታ ማን ተቀመጠ?» አለችኝ።

«አዲስ ልጅ ናት።»

«ቁመቷስ?»

«እንዳንቺ።»

«ወንበሩስ?»

«ከፍ አድርገንላታል።»

«እሰይ» አለች። ከልቧ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«በየቀኑ ፊቴ ቆመሽ ታዪኝ ነበርኮ» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «እኔ ደግሞ፣ ካየችኝማ ራሷ ታመጣልኛለች እያልኩ እጠብቅሽ ነበር።»

ስወጣ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ለመሰናበት ግራ እጇን ዘረጋችልኝ፤ በግራ ሰው እንደማይጨበጥ ትዝ ሲላት አፍራ መለሰችው። በቀኟ ልትጨብጠኝ ሞከረች። ጣቶቿ መዳፌ ላይ አረፉ እንጂ አልያዙኝም።