«ነገ ጠዋት ቀለበት እናስራለን»

የጊፋታ በዓል ባለፈ በሳምንቱ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ደወለች። ቤት የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ የትምህርት ነገር ሲሆን ግን አማርኛ ይቀናታል። «እማ፣ ነገ አልመጣም። ጠዋት ከመምህሬ ጋር ቀለበት እናስራለን» አለችኝና ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብሞክር አልሠራ አለ።

እኔ ቀለበት ያሰሩልኝ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ስድስተኛን አላየሁትም። ለልጄ የቀራት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ እሱ እንዳይበላሽ ስንት ጊዜ ተንበርክኬ እንደጸለይኩ እኔ አውቃለሁ። በማግስቱ ማለዳ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆነውን ታላቅ ወንድሜን ቀስቅሼ፣ ከቦዲቲ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርን። እሱ ኮት ለበሰ። እኔም ጥሩውን ነጠላዬን አወጣሁ፤ የሄድኩት ላስቆም ቢሆንም፣ አልቆም ካለ ፎቶው ላይ ተጎሳቁዬ መታየት አልፈለግኩም።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ «ወንዝ ዳር ናቸው» አለችን።

«አዳራሽ ጠፍቶ ነው?» አለ ወንድሜ።

ልጄን ጭቃ የለበሰ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ በቁጥቋጦው መሃል ከተዘረጋ ስስ መረብ አጠገብ አገኘናት። መምህሩ ሸበቶ ሰው ነው፤ ከወንድሜ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር፣ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ሳይላክ ቀለበት አይታሰርም።»

ሰውዬው ግራ ገባው። «ወደ ማን ነው የሚላከው?»

«ወደ እናቷ ነዋ።»

«እናቷማ አውሮፓ ናት፣ ጋሼ» አለ መምህሩ፣ በእጁ የያዛትን ቢጫ ወፍ እያሳየ።

ልጄ ሳቋ አሸንፏት መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አስረዳችን። ብርድ ሸሽተው ከሩቅ አገር የሚመጡትን ትንንሽ ወፎች በመረብ ይይዛሉ፣ ቁጥር ያለበት ቀለበት እግራቸው ላይ ያስራሉ፣ ይመዝኗቸውና ይለቋቸዋል። ሌላ አገር የሚይዛቸው ሰው ከየት እንደመጡ ያውቃል።

«ታዲያ እንዲህ አትይኝም?»

«ብያለሁ እኮ እማ፣ ስልኩ ነው የበላው።»

«ትምህርቱስ?»

«ይሄው ነው ትምህርቱ። የምመረቅበት ጽሑፍ ነው።»

ቀለበቷን በፒንሳ ቀስ አድርጋ ገጠመችና ወፏን አስያዘችኝ። «እንዳትጨብጫት» አለችኝ። ልቧ መዳፌ ውስጥ ትር ትር ይላል። እንደ እኔ ፈሪ ናት አልኩ። እሷ ግን ብቻዋን ባሕር ተሻግራ መጥታለች፤ እኔ ሶዶ ለመድረስ ወንድም አስከትያለሁ። እጄን ስከፍትላት ዞር ብላም አላየችኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ወንድሜ ኮቱ ላይ የተጣበቀውን ሣር እየለቀመ፣ «ወፍ ስትይዝ የምትውልን ልጅ ማን ያገባታል?» አለ።

«አፍህ ቁርጥ ይብላ» አልኩት። «እስከ ሰኔ ማንም አያግባት።»

ቦዲቲ እስክንደርስ ሰላም ነበርኩ። ከወረድን በኋላ ግን ያ የወንዝ ዳር ሣር እባብ አያጣም አልኩና ስልኬን አወጣሁ።