የምንጠጣውን አፍስሶ የጠራውን ቀዳ

ዛሬ ጠዋት ግቢያችን ውሃ ሊመረምር የመጣው ሰውዬ ቧንቧውን ከፈተና ቡኒው ውሃ ፈስሶ እስኪያልቅ ጠበቀ። ጥርት ሲል ጠርሙሱን ሞልቶ ከደነው።

«ያንን ለምን አልቀዳኸውም?» አልኩት።

«እማማ፣ አሠራሩ እንደዚህ ነው። መጀመሪያ የሚመጣው ቱቦ ውስጥ የቆየ ዝገት ነው።»

እኛ ቀጨኔ ዳገቱ ላይ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ሲመጣ ማን ያፈሳል? ከመጀመሪያው ጠብታ ጀምረን ጀሪካን እንደቅናለን። የምንጠጣው እሱ የደፋውን ነው።

የልጅ ልጄ በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ ጃርዲያ ተብላ መድኃኒት ወስዳለች።

ከዚያ አንድ ወረቀት አውጥቶ «እዚህ ጋ ጣትዎን ያሳርፉልኝ» አለኝ። ሽበቴን አይቶ ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ከስልሳ ዓመቴ በኋላ ስለሆነ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «የውሃው ቀለም፦ የለውም» ይላል። በእጁ የጻፈው እንዳይመስላችሁ፣ ታትሞ የመጣ ነው። ገና ሳይቀዳ ጠርቷል ማለት ነው።

«እርስዎ ያነባሉ እንዴ?» አለኝ ደንግጦ።

«ማየትም እችላለሁ» አልኩት።

እስክሪብቶውን ተቀብዬ ከሥሩ «መጀመሪያ ቡኒ ነበር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ቀድሞ ጎረቤቶቼን ያስፈረማቸውን ወረቀቶች ክላሰር ውስጥ አስገባቸው። የእኔን ግን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ቢሮ ይደርሳል ብዬ ስለማላምን እዚህም ጻፍኩት።

እናንተ ግቢ የመጡትስ የትኛውን ውሃ ቀዱ? ያያችሁትን ጻፉልኝ።