ከካርቱም ያየሁት ቤታችን

ሰሞኑን አሶሳ ላይ የአዲሱን ክልላችን መሥሪያ ቤት የበር ማጠፊያ ግራሶ ሲቀቡ፣ ሽታው ይዞኝ ካርቱም ገባ። ልጅ ሳለሁ፣ ለሥራ ሄዶ የቀረውን አባቴን እንድናመጣ እናቴ ከአጎቴ ጋር ልካኝ ነበር። አባቴ ግን ስለ መመለስ ትንፍሽ ሳይል፣ ሰው አሳፍሮ ሰማይ ለሰማይ በሚዞር፣ ግራሶ ግራሶ በሚሸት ግዙፍ የብረት መንኮራኩር ላይ አወጣኝ። እኔ ጀግናው ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዓይኔን ጨፍኜ ዞርኩ።

ስወርድ፣ «አሶሳ ታየችህ?» አለኝ እየሳቀ።

«አዎ። እናቴ ደጃፍ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች።»

ሳቁን ተወ። «እንግዲያ ብዙ ባናስቆማት ይሻላል» አለ።

በሳምንቱ ሦስታችንም አሶሳ ገባን።

በብልሃቴ ያመጣሁት መስሎኝ ስንት ዘመን ጎረርኩበት። አሁን አርጅቼ ሳስበው፣ አባቴን የቸገረው የመመለሻ ሰበብ ብቻ ነበር።