ወደየትም የማይሄደው መንገደኛ

የዚህ ነገር ሰዎች እነዚህ ናቸው። አንደኛው እኔ ይርጋ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ዳር የምኖር አናጢ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ይታይሽ። ሦስተኛዋ ከተማ የምታስተምረው ልጃችን ማስተዋል። አራተኛው ጎረቤቴ ስማቸው፣ ሰፈሩ በጉልበቱ የሚምልበት ገበሬ። አምስተኛው ሰፈሩ ራሱ ነው።

የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። የማልረሳው ስለፈራሁ አይደለም። ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት አፉን ሞልቶ እንደሚያዝበት በዓይኔ ስላየሁ ነው።

በጥር ልቤን የሚመግበው የደም ሥር ተዘግቶ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። የከተማ ሰው ሃርት አታክ የሚለው ነው። ስወጣ ሐኪሙ «መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ፤ ቅቤና ጮማ ይቀንሱ፤ በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ። «በትንሹ ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ሲደክምዎ አረፍ ብለው የልብ ምትዎን ይቁጠሩ።»

ቤት ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆኖ ጠበቀኝ። ጠያቂው ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ ልብ የሚጠናው በቅቤ ነው ይላል። ልነሳ ስል ደረቴን ይዘው ያስተኙኛል። አንዳንዷማ ፊቴ ቁጭ ብላ እንባዋን ትጠርጋለች። እነሱ ዘንድ ሞቼ ነበር፤ የቀረው መቀበሩ ብቻ ነው። እኔ ግን ሰው ደግፎኝ ሽንት ቤት የምሄድ ሸክም መሆን አልፈለግሁም። መጋዜን መልሼ መያዝ ነበር የምፈልገው።

ማስተዋል ሸራ ጫማ ገዝታ አመጣችልኝ፤ በየጠዋቱ መሄድ ጀመርኩ። እዚህ አገር ሰው የሚሄደው ወደ ገበያ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ለቅሶ ነው። «ወዴት ነው?» ይሉኛል። «ወደየትም» እላለሁ። ይህ መልስ ከሕመሜ በላይ አስደነገጣቸው።

«አንተ ይርጋ» አለኝ ስማቸው አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የታመመው ልብህ፣ እግርህ ምን በደለህ?»

«አንተስ በሬህን በጋውን ሙሉ አስረህ ቀልበህ በሰኔ እንዲያርስልህ ትጠብቃለህ?»

«ያረጀ በሬማ ይታረዳል እንጂ አይሮጥም!» አለና የባሰ አሳቀብኝ።

መሄዴን አልተውኩም። በግንቦት ዳገቱን ሳልቆም መውጣት ቻልኩ።

ያን ቅዳሜ ዳገቱን ጨርሼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ የልብ ምቴን ቆጠርኩ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አዩኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ይጠይቃል። እነሱ «አነቀው! ሊሞት ነው!» ብለው ጮኹ።

ፊት የደረሰው ስማቸው ነበር፤ ገበያ ላይ ጥሬ ሥጋውን በልቶ፣ አረቄውንም ጠጥቶ። ወዲያው ከአጥር ሁለት አጣና ተመዘዘ፣ ጋቢ ታሰረበት፣ ቃሬዛ ሆነ።

«ኧረ ደህና ነኝ! እያረፍኩ ነው!»

«አትስሙት፣ እየቃዠ ነው» አለ ስማቸው። «እግሩን ያዙት!»

ያዙኝ። ሆስፒታል ቢወስዱኝ እንኳ አንድ ነገር ነው። «ቤቱ ይሙት» ብለው ከአስፋልቱ ወጥተው ጉብታውን በሚሻገረው አቋራጭ ሽቅብ ተሸከሙኝ። አንዱ ቀድሞ ወደ ቤቴ ሮጠ። ሲነሳ «ታሟል» ሊል ነበር፤ ደጄ ላይ ሲደርስ «ሞቷል» አለ።

ስማቸው ከፊት ይዞኛል። መጀመሪያ «ቅቤው አክብዶታል» እያለ ይቀልድ ነበር። ኋላ ማለክለክ ጀመረ። ቀና ብዬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ነፋስ እየነፈሰ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ግራ ክንዱን አጣናው ላይ ያሻል። እኔም በጥር እንዲሁ ነበር የሆንኩት።

«አውርዱኝ! ስማቸው ታሟል!»

ማን ይስማ! ተገላብጬ ከቃሬዛው ወደቅሁና ቆምኩ። ሬሳ የተነሳ ይመስል አፈጠጡብኝ።

«ተኛ» አልኩት ስማቸውን።

«እኔ? ቃር ነው። ሥጋው ነው።»

«ከእናንተ ውስጥ ይህን በሽታ የታመመ ማን ነው? እኔ ነኝ! ጫኑት! ወደ አስፋልቱ!»

እየተያዩ ጫኑት። አጠገቡ እየሄድኩ አስፋልቱ ድረስ ወረድኩ፤ ባጃጅ አስቁመን ሆስፒታል አደረስነው። «ትንሽ ብትዘገዩ አናተርፈውም ነበር» አለ ሐኪሙ።

ቤቴ ስመለስ ድንኳኔ ተተክሎ፣ ንፍሮዬ ተቀቅሎ ደረስኩ። አልቃሾቹ ሲያዩኝ እየጮኹ ተበተኑ። ማስተዋል አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ይታይሽ ቀሚሷን ከደረቷ ቀድዳ ቆማለች፤ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ይኸው! በእግርህ መሄድ አይበጅህም አላልኩም?» ከንፍሮው አፈስኩ። ጨው አንሶታል።

ስማቸው ተረፈ። ሐኪሙ ለእኔ የመከረውን ለእሱም መከረው፤ ሰፈሩም ቅቤውን ይዞ ገባ። እኔ በየጠዋቱ «ተነስ እንሂድ» እያልኩ በሩን አንኳኳለሁ። «ነገ፣ በእመብርሃን፣ ነገ!» ይለኛል ከአልጋው ሆኖ። ያ የሚማልበት ጉልበት አሁን ከአልጋ እስከ አጥር ነው የሚያደርሰው። እኔ መጋዜን ይዤ በር እሠራለሁ።

የተሸከሙኝ በክፋት አይደለም፤ ያንን አልክድም። «ደግነታቸው ነው፣ አመስግን» ይሉኛል። የማይጠይቅ ደግነት ሰው ይገድላል፤ አላመሰግንም። አሁንም ሳስበው እናደዳለሁ እንጂ አልስቅም።

ሁላችንን ያስወጣን ሲደመር ይህ ነው፦ ለሕክምና የተሸጠ የስማቸው በሬ፣ የተቀደደ የይታይሽ ቀሚስ፣ ለቁም ሰው የተቀቀለ የዕድር እህል፣ ክረምቱን ሙሉ ጦሙን ያደረ አንድ ማሳ።