በበርበሬው መጋዘን ውስጥ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ሚሌኒየሙን ካከበርን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ነው። ነርስ ነኝና ብዙ ደም አይቻለሁ። የመኪና አደጋም፣ የገጀራ ቁስልም አክሜያለሁ። እንደዚያን ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ግን ፍርሃቱ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ጭንቅ መሃል አንድ ልጅ የተናገረው ነገር ነው።

ያኔ የምሠራው ወልቂጤ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነበር። እሁድ እሁድ ደግሞ የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን ሐኪም ነኝ። ሐኪም ይበሉኝ እንጂ ሥራዬ ያው የተጠማዘዘ ቁርጭምጭሚት ማሰር፣ ቁስል ማጠብና ውሃ ማቀበል ነው። ሴት ልጅ ከተጠባባቂዎች ጋር ስትቀመጥ አይቶ የሚስቅ አይጠፋም ነበር። ተጫዋቾቹ ግን "ሲስተር" እያሉ ያከብሩኛል።

አጥቂያችን ኦሞድ ይባላል። የጋምቤላ ልጅ ነው። ወልቂጤ የመጣው ቴክኒክና ሙያ ሊማር ሲሆን ኳስ ሲጫወት ያየው አሰልጣኛችን ወዲያው ወሰደው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ግን ቤቱን የሚሞላ ልጅ ነበር። ቆጮ መጀመሪያ ሲቀምስ ፊቱን አጨማዶ ሁላችንንም አስቆን ነበር፤ ዓመት ሳይሞላው "ጨምሩልኝ" ባይ ሆነ።

የዚያን ዕለት ወደ ቡታጅራ የሄድነው በኮስትር ነው። ደጋፊዎቻችን በሁለት አይሱዙ ተጭነው ከኋላችን ይከተላሉ። ከበሮው፣ ዘፈኑ፣ አቧራው ልዩ ነበር። የቡድን መሪያችን ጋሽ ወልዴ ከፊት ተቀምጠው "ዛሬ ኦሞድ ሁለት ካላገባ እራት የለውም" እያሉ ይቀልዳሉ።

ሜዳው አጥር የለውም። ዙሪያው በገመድ ብቻ ተከልሏል፤ ሰዉ ደረቱን ገመዱ ላይ አስደግፎ ነው የሚያየው። ጨዋታው ተጀምሮ ኦሞድ መጀመሪያ ኳስ ሲነካ ከገመዱ ጀርባ እንደ ዝንጀሮ የሚጮሁ ድምፆች ተሰሙ። ጥቂት ሰዎች ናቸው ብዬ ነበር። ሁለተኛ ሲነካ በዙ። ሦስተኛ ሲነካ በእኛ በኩል ያለው መስመር በሙሉ እየጮኸ ይስቅ ነበር። የሸንኮራ ልጣጭ ይወረወርበት ጀመር።

ከሁሉም የባሰው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ወፍራም ሰው ነበር። ስሙ ደረጀ መሆኑን፣ ጎሚስታ ቤት እንዳለውና በከተማው ቁጥር አንድ ደጋፊ እንደሚባል በኋላ ነው ያወቅሁት። ፊሽካውን እየነፋ "ባሪያ! ባሪያ!" ይላል፤ የቀሩት ይቀበሉታል። ሕፃናት ሳይቀሩ ተቀበሉት።

ኦሞድ ወደ ዳኛው ሄደ። "ዳኛ፣ አትሰማም?" ሲለው ሰምቻለሁ።

"አንተ ኳስህን ተጫወት" አለው ዳኛው።

አሰልጣኛችንም ከመስመሩ ላይ ሆኖ "ጆሮ አትስጣቸው! ጎል አግባባቸው!" ብሎ ጮኸ።

አገባባቸው። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ ከሁሉም በላይ ዘሎ በግንባሩ ከተተው። አልጨፈረም፣ አልሮጠም። ዝም ብሎ ወደ መሃል ሜዳ ሲመለስ በደረጀ በኩል አለፈ። ከገመዱ አጠገብ አንዲት ሴትዮ በቆሎ እሸት ትጠብስ ነበር። ደረጀ ጎንበስ ብሎ ከከረጢቷ ትልቅ የከሰል ጉማጅ አነሳ።

"ኧረ ከሰሌን!" ብላ ጮኸች።

"እንካ፣ ወንድምህን ያዝ!" ብሎ ከቅርብ ወረወረበት።

ከሰሉ የኦሞድን ግራ ዓይን አገኘው። እጆቹን ፊቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ የከሰሉ ስብርባሪ ከዓይኑ ቆብ ሥር ገብቷል። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አስደግፌ ውሃ እያፈሰስኩ ሳለ ደረጀ ገመዱን አልፎ ገባና ከላያችን ቆመ። እናቱን ጠርቶ ሰደበው። ያለውን እዚህ አልጽፈውም።

ኦሞድ እጄን ቀስ አድርጎ ገፋው። ተነሳ። አንድ ጊዜ ብቻ መታው። የአጥንቱ መሰበር ድምፅ እስከ አሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደረጀ እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደቀ።

ገመዱ ተበጠሰ። ሰዉ እንደ ጎርፍ ገባ። የእኛ ደጋፊዎችም ከወዲያ ማዶ ድንጋይ እየለቀሙ መጡ። በረኛችን ፊቱን በድንጋይ ተመቶ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። አንድ ፖሊስ ማንንም ሳይለይ ዱላውን ያሳርፋል። ደረጀ እግሬ ሥር ወድቆ ሰው ይረግጠው ጀመር፤ የራሱ ሰዎች ናቸው የሚረግጡት፣ አላዩትም። ምን እንደማደርግ ሳላስብ ላዩ ላይ ተንበረከክሁና ጭንቅላቱን በክንዶቼ ሸፈንኩት። ያን ጊዜ ነው ድንጋይ ትከሻዬ ላይ ያረፈው። ክንዴ ደነዘዘ።

ቀና ስል ኦሞድን ከበውታል። አንዱ የገመዱን ማሰሪያ እንጨት ነቅሎ ይዟል። ጀርባውን ሲመታው አየሁ፣ ደግሞ ሲያነሳው አየሁ። "ሞተ" አልኩ በልቤ።

በዚህ መሃል ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ሰዉን ሰንጥቀው ገቡ። ኦሞድን ከኋላ አቅፈው ተጠመጠሙበት። እንጨቱን የያዘው ሰውዬ እጁ አየር ላይ ቀረ።

"ሐጂ፣ ይውጡ!" አለ።

"ምታ! እኔን አልፈህ ምታ!" አሉት።

ሐጂ ከድር ይባላሉ። የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ መጋዘናቸው ከሜዳው ጥግ ነው። ኦሞድን እየጎተቱ ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ በረኛችንና ጋሽ ወልዴም ተከተሉ። እኔ ደረጀን ትቼ መሄድ አልቻልኩም። "ሐጂ፣ ይሄኛውም ይሞታል!" ብዬ ጮኽኩ። ሠራተኞቻቸውን ላኩልኝና አንስተው አስገቡት። የብረቱ በር ከውስጥ ተቀረቀረ።

መጋዘኑ ጨለም ያለ ነው። ዛላ በርበሬ የታጨቀበት ማዳበሪያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ውጭ ድንጋይ በሩን ሲመታ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥር የበርበሬው ብናኝ ይነሳል። ሁላችንም ማሳል ጀመርን። ኦሞድ የቆሰለ ዓይኑን ይዞ በሥቃይ ያጓራል። ደረጀ ደግሞ መንጋጋው ተሰብሮ በሳለ ቁጥር ራሱን ይስታል። አንዱ አንድ ማዳበሪያ ላይ፣ ሌላው ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሁለቱም ያለቅሳሉ። የበርበሬው ይሁን የሌላ ለማወቅ አይቻልም።

በነጠላዬ የደረጀን መንጋጋ ከአናቱ ጋር አሰርኩት። በአንድ እጄ ነበር የምሠራው፤ ሌላው አልታዘዝ ብሎኛል። የኦሞድን ዓይን በእርጥብ ፋሻ ሸፈንኩ። ሐጂ ከድር እየሳሉ አጠገቡ ቁጭ አሉ።

"ልጄ፣ እንዲህ ያስቆጣህ ምን ብሎህ ነው?" ብለው ጠየቁት። ኦሞድ ፊቱን አዞረ። ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ፣ ሐጂ። ባሪያ ብሎ ነው ሲሰድበው የዋለው። ከዚያ በከሰል ዓይኑን መታው። በመጨረሻ እናቱን ሰደበ።"

"ያ አላህ!" አሉ። ደረጀን ትኩር ብለው አዩት። "ቤት ያከራየሁት ሰው ነው። ወላሂ አፈርኩ።"

ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ሐጂ። ወልቂጤ ላይ ተሰምቶ አይታወቅም። ኦሞድን እኛ እንደ ልጃችን ነው የምናየው።"

"ተሰምቷል" አለ ኦሞድ።

ጋሽ ወልዴ የሰሙት አልመሰላቸውም። "ምን አልክ?"

"ወልቂጤም ላይ ተሰምቷል። ፍፁም ቅጣት ምት የሳትኩ ቀን ነው። ከሌላ ሰው አይደለም የሰማሁት፣ ከእኛው ደጋፊ ነው። እርስዎም አጠገቡ ቆመው ነበር፣ ጋሽ ወልዴ። ስቀዋል።"

ውጭ ድንጋዩ በሩን ይደበድባል። እኔ ያን ዕለት ተረኛ ስለነበርኩ ሜዳ አልሄድኩም፤ ነገሩን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የጋሽ ወልዴን ፊት አየሁና እውነት መሆኑን አወቅሁ።

ኦሞድ ቀጠለ። "ዛሬ ሰው መትቻለሁ። ጥፋት ነው። ለእጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለአፉ ግን ማነው እኔን ይቅርታ የሚጠይቀኝ?"

ደረጀ ሊመልስ ቢፈልግ እንኳ መናገር አይችልም።

ፖሊስ ተጨምሮ መጥቶ ሜዳው ሲጸዳ በሩ ተከፈተ። የኮስትራችን መስታወት አንድም አልተረፈም። ደረጀ ሆስፒታል ተወሰደ። ኦሞድን ዓይኑ እንደተሸፈነ ፖሊሶቹ ይዘውት ሄዱ። ሐጂ ከድር ከመኪናው ኋላ በእግራቸው ተከትለው ጣቢያ ደጃፍ ተቀመጡ። እኔም ቃሌን ስሰጥ አመሸሁ።

ኦሞድ በዋስ ከተለቀቀ በኋላ የሁለቱ ከተማ ሽማግሌዎች ቡታጅራ ላይ ተሰበሰቡ። ከስፖርት ጽሕፈት ቤት የመጣ ሰውዬ ተነስቶ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት ረጅም ንግግር ማድረግ ሲጀምር ሐጂ ከድር "ልጄ፣ እሱን ለበዓሉ አቆየው። አሁን የቀረበልን ጥያቄ አለ" ብለው አስቀመጡት። ኦሞድ ተነስቶ "ለእጄ ይቅርታ" አለ። የደረጀ መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ነበርና አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ሽማግሌዎቹ በዚህ ይለቅ አሉ። ሐጂ ግን እምቢ አሉ።

"የሰደበው በሕዝብ ፊት ነው። ጓዳ ውስጥ አንገት በመነቅነቅ አያልቅም። ሽቦው ሲፈታ ሜዳ ላይ ይናገር።"

የመልሱ ጨዋታ ወልቂጤ ነበር። ደረጀ መጣ። ከስቶ ነበር። በሞንታርቦ፣ አፉ ገና በደንብ ሳይከፈት፣ "ኦሞድን ሰድቤያለሁ፣ ዓይኑን ጎድቻለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለ። ሕዝቡ እንዲተቃቀፉ ማጨብጨብ ጀመረ። ኦሞድ መለያ አልለበሰም፤ ግራ ዓይኑ ከዚያ በኋላ በደንብ አላየለትም። ከመስመሩ ዳር ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ "ሰምቻለሁ" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ አላቀፈውም። ቅር ያሰኛቸው ሰዎች ነበሩ። እኔን ቅር አላሰኘኝም።

ጨዋታው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ የእንግዳው ቡድን አማካይ ኳስ ሲይዝ ያ ቃል እንደገና ተሰማ። ልጁ ጠቆር ያለ ነው። የጮኸው ግን የእኛ ደጋፊ ነው፣ ከበሮ መቺው ራሱ።

ጥርሶቹ የረገፉት በረኛችን ጎሉን ትቶ ወጣና መሃል ሜዳ ሄዶ ቁጭ አለ። የራሳችን ልጆች እየሄዱ አጠገቡ ተቀመጡ። እንግዶቹም ግራ ተጋብተው ቆይተው ተቀመጡ። ዳኛው ፊሽካውን ደጋግሞ ነፋ፤ የሚነሳ ጠፋ። ሕዝቡ አጉረመረመ።

ጋሽ ወልዴ ከመቀመጫችን ተነስተው ወደ ደጋፊው ገቡ። ከበሮ መቺውን ክንዱን ይዘው "ውጣ" አሉት።

"ጋሼ፣ እየቀለድኩ እኮ ነው።"

"አንተ ስትጮህ እኔ የምስቅበት ጊዜ አልፏል። ውጣ ብዬሃለሁ!"

ሰውዬው ሊታገላቸው ሲል የገዛ ጓደኞቹ ያዙት። እስከ በሩ አስወጡት። ተጫዋቾቹ የተነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የሁለቱ ከተማ ደጋፊዎች ቃል ተገባቡ፦ ያን ቃል የሚል ሰው ከተገኘ ሌላው ወገን እስኪናገር አይጠበቅም፤ የራሱ ሰዎች ያስወጡታል። ሁልጊዜ ሠርቷል አልልም። ብዙ ጊዜ ግን ሠርቷል።

ኦሞድ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጋምቤላ ተመለሰ። አሁን ልጆች ያሰለጥናል፣ አንዳንዴ ይደውልልኛል። ሐጂ ከድር አርፈዋል። ለቅሷቸው ላይ ስንደርስ ቤተሰባቸው "የመጋዘኑ እንግዶች" ብለው ተቀበሉን።

እኔ ዛሬ ሁለት ስሜት ይዤ እኖራለሁ። ሐጂን ሳስብ ደስ ይለኛል። ያን ዳኛ ሳስብ ደግሞ ይቆጨኛል፣ እናደዳለሁም። ኦሞድ እንደ ሕጉ ሄዶ፣ በጨዋ ቃል ነበር የነገረው። ያን ጊዜ ጨዋታው ቢቆም አንድ ዓይን ይተርፍ ነበር፤ አንድ መንጋጋም ይተርፍ ነበር። ሁላችንም የሰማነው አጥንት ከተሰበረ በኋላ ነው።