እማዬ የምትጠብቀው ድምፅ

የነበረ ይናገር፣ ያየ ይመስክር ይባላል። እኔ ነበርኩ። ስለዚህ እናገራለሁ፤ ማመን አለማመን የሰሚው ጉዳይ ነው።

ታላቅ እህቴ ጥርስ ሠሪ ናት። ሐኪም አይደለችም። ሐኪሙ የበሽተኛውን ድድ በሊጥ መሳይ ነገር ልክ ወስዶ ይልክላታል፣ እሷ በዚያ ልክ ጥርስ ትሠራለች። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ በትንሽ ሞተር ስትሞርድ፣ ፀጉሯ ነጭ ዱቄት ሲለብስ ይውላል። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲስቅ ካየች አለቀላት። በክርኗ ጎሸም ታደርገኝና «ያ ሰውዬ የኔ ነው» ትለኛለች። ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አታውቅም። ሰው ምን ይላል? ባል የሌላት ሴት በየአውቶቡሱ «የኔ ነው» ስትል! ባል እኔም የለኝም። እኔ ቤት ሆኜ መጋረጃ እሰፋለሁ። እናታችንን ይዘን ሦስት ሴቶች በአንድ ቤት እንኖር ነበር።

እታለም፣ እንዲያ ነው የምላት፣ ከጥርስ ሌላ የምትወደው ነገር ፎቶ ማንሳት ነው። ለገንዘብ አይደለም፤ ለነፍሷ ነው። ካሜራዋ ሆዱ ውስጥ መስታወት ያለው፣ ጡብ የሚያክል ነበር። እኔ «ወፍጮው» ነበር የምለው። አንገቷ ላይ ስታንጠለጥለው ትጎብጣለች፣ ቁልፉን ስትጫነው ደግሞ ቀጭ! ሲል ጎረቤት ይሰማል። ድምፁ መስታወቱ ብድግ ብሎ ሲመለስ የሚያሰማው ነው። ሳልጠይቃት አስረድታኛለች።

«ዓይንሽን እዚህ አድርጊ» አለችኝ አንድ ቀን። «የሚታይሽ በመስታወት የመጣ እውነተኛ ብርሃን ነው። ካሜራው ጠፍቶ እንኳ ያሳይሻል። መስታወት ባትሪ አይፈልግም።»

«እሺ ፕሮፌሰር፣ አሁን ምሳ እንብላ» አልኳት።

እማዬን የዓይን ግፊት ካሳወራት ብዙ ዘመን ሆኗታል። ግን ፎቶ መነሳት የምትወድ ዓይነ ስውር አይታችሁ ታውቃላችሁ? «እኔ ባላይ እናንተ ታዩኛላችሁ» ትል ነበር። እሁድ ከምሳ በኋላ ፀጉሯን አስበጥራ፣ ክፍሏ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ያለው ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። አገጯን ቀና፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ፣ ከዚያ አየር ትስብና ትይዘዋለች። ቀጭ እስኪል አትነቃነቅም። ሲል ግን ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ «ተነሳሁ?» ትላለች። እታለም «ተነስተሻል፣ እንደ ሙሽራ!» ትላታለች። ሁልጊዜ ይኸው ነው። ያለዚህ መልስ ከወንበሩ አትነሳም ነበር።

ለዚህ ነገሯ ምክንያት አላት። ልጅ ሳለች የመጀመሪያውን ፎቶ ስትነሳ፣ ባለ ስቱዲዮው «ድምፁን ሳትሰሚ እንዳትነቃነቂ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ተነቃነቀች። ፎቶው ሲወጣ ቀሚሷ አለ፣ ጫማዋ አለ፣ ፊቷ መሆን ባለበት ቦታ ጭስ የመሰለ ነገር ብቻ። አክስቷ ደግሞ ቀልደኛ ቢጤ ነበሩ፤ «ፊትሽ ሳይነሳ ቀርቷል፤ ሰውዬው አንድ ቀን የቀረውን ሊወስድ ይመጣል» አሏት። ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? እማዬ እየሳቀች ነበር የምታወራልን፤ ፎቶውን ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ልብሷ መሃል ደብቃ አኖረችው።

እንግዲህ የእታለም የእጅ አንጓ ታመመ። ቀን ሞተር፣ እሁድ ወፍጮ፣ እንዴት ይችላል? ሐኪሙ «ወይ ሥራሽን ወይ ካሜራሽን» አላት። ተብሰለሰለች፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት ካሜራ ገዝታ መጣች። ሚረርለስ ይሉታል። ቅልብጭ ያለች፣ የኮት ኪስ የምትገባ ነገር ናት።

«ይሄ ካሜራ ነው የሳሙና ማስቀመጫ?» አልኳት።

አልተቀየመችኝም፤ እንዲያውም እንደ ልጅ ፈነደቀች። ይቺኛዋ ፎቶው ሲወጣ የሚመስለውን አስቀድማ በትንሿ ስክሪን ታሳያለች። ባትሪዋ ካለቀ ግን ድርግም፣ ምንም አይታይም። ደግሞ ድምፅ የላትም። ገበያ ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ ማንም ሳይነቃባት ታነሳለች። ወፍጮውን ባትሪውን አውጥታ፣ በፎጣ ጠቅልላና አስራ፣ ራሷ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እኔም ተገላገልን አልኩ።

የመጀመሪያው እሁድ ላይ ክርና መርፌ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። እማዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ አገጯ ቀና፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ። ከንፈሯ ጠቁሯል።

«እማዬ!»

«ዝም በይ» አለችኝ ጥርሷን እንደነከሰች። «ገና ነኝ።»

ትንፋሿን እንደ ሌባ በስርቆሽ እየሳበች ነበር። እታለምን ኩሽና አገኘኋት፤ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች በካሜራዋ ስክሪን እያየች ፈገግ ትላለች። አንስታ ጨርሳ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ እናቷን ወንበር ላይ አድርቃ ትታት! አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ወረወርኩባት። የእማዬ ልብ ደካማ እንደሆነ፣ መጨናነቅ እንደሌለባት ለሁለታችንም ተነግሮናል። እታለም ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተንሰቀሰቀች። «ድምፅ እንደሌለው ረሳሁ። አንስቼ፣ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ እኮ» አለች።

ከዚያ አዲሷ ካሜራ ላይ ሰው ሠራሽ ድምፅ አገኘች፤ ቲፕ የሚል። እማዬ አዳመጠችውና ፊቷን አዞረች። «ይሄ ጫጩት ነው። በጫጩት አልነሳም!» ሳቅን። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ላይ ለፎቶ አልቀመጥም አለች።

ለእታለም ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም። እማዬ እየከሳች ነበር። ልብሷ ሰፋባት፣ ጉንጯ ጎደለ። «ፊቷ እያለቀብኝ ነው» አለችኝ እህቴ አንድ ጠዋት ጫማዋን እያሰረች። «ሳላነሳት እንዳታመልጠኝ ነው የምፈራው፣ ሌላ ምንም አልፈራም።» በድብቅ ማንሳት ትችል ነበር፣ ካሜራዋ እንደሆነ ድምፅ የላትም። አላደረገችውም። «እናቴ ናት፣ አልሰርቃትም» አለች። እዚህ ላይ እወዳታለሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማታ ሾርባ ስንጠጣ እማዬ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ዛሬ ጥሩ አድርገሽ አነሳሽኝ» አለቻት።

«መቼ?» አለች እታለም።

«ከሰዓት ነዋ። በወፍጮው።»

ከሰዓት እታለም ሥራ ቦታዋ ነበረች። እርስ በርስ ተያየን። እህቴ ለማቅለል ያህል «የዚችን መቀስ ሰምተሽ ነው» አለቻት።

«የመቀሷን ድምፅ ላጣው? ስንት ዓመት ሙሉ የሰማሁትን!» አለች እማዬ፣ ሾርባዋንም ጨረሰች።

በሌላ ቀን የመስፊያዬ ክር ተበጠሰና ማሽኑን አቆምኩ። ክሩን ምራቄ ላይ ነካ አድርጌ መርፌው ቀዳዳ ልከት ስል ሰማሁት። ቀጭ። ከእማዬ ክፍል ነው። ጥርት ያለ፣ ያ የድሮው ድምፅ። ተነስቼ ሮጥኩ። እማዬ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ትንፋሿን ስትለቅ ደረስኩ። «ተነሳሁ?» አለች። ፊቷ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደኔ አልነበረም። ከፊት ለፊቷ ወዳለው ባዶ ወለል ነበር።

«ማንን ነው የምታናግሪው?» አልኳት።

«አንቺ ነሽ እንዴ? እህትሽስ?»

«ሥራ ናታ።»

ቀስ ብላ፣ ልክ ስለ እንግዳ እንደምታወራ ሁሉ፣ «እንግዲያው ይሄ ማነው? በፊት በሩ ጋ ነበር። ዛሬ እግሬ ሥር መጥቷል» አለችኝ። «አይናገርም። ያነሳኛል፣ ይጠብቃል።»

ወደ እታለም ክፍል ሄጄ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ወፍጮው በፎጣው እንደተጠቀለለ፣ እህቴ ያሰረችው ገመድ እንደታሰረ አለ። ባትሪው መሳቢያ ውስጥ ነው። ስመለስ እማዬ ፈገግ ብላ ጠበቀችኝ። «አክስቴ ይሉት አልነበር? የቀረውን ሊወስድ መጥቶ ይሆናል» አለች። ሌላ ጊዜ ይሄን ስታወራ እንስቅ ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ማታ ለእታለም ነገርኳት። ትሳለቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የታመመ እጇን በደህናው ጨብጣ «አይሆንም» አለች። «እናቴን የማነሳት እኔ ነኝ። ሌላ ማንም አያነሳትም።»

እሁድ ወፍጮው ከፎጣው ወጣ። ባትሪው ብዙ ጊዜ ስለቆየ ባዶ ነበርና ከጠዋት ጀምሮ ኩሽና ቻርጅ ላይ ተሰካ። እኔ የእማዬን ፀጉር አበጠርኩ፣ አበባ ያለበትን ቀሚሷን አልብሼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። እህቴ የእጇን ማሰሪያ ፈታች። ገና ምሳ ሳንበላ እማዬ በድንገት ቀጥ አለችና «ልጄ፣ ቶሎ በይ» አለች። «በሞቴ ቶሎ በይ። ቀድሞሽ ገብቷል።»

እታለም ካሜራውን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ መጣች። የታመመ እጇ ስላልቻለው ክርኗን ከሥር ደግፌ ያዝኩላት። ዓይኗን ቀዳዳው ላይ አደረገች። «አየሁሽ እማዬ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «አየሁሽ። እንዴት እንደምታምሪ!»

እማዬ አገጯን ቀና አደረገች። አየር ሳበች። ያዘች።

ቀጭ።

ትንፋሿ ወጣ፤ ረጅም ነበር። «ተነሳሁ?» አለች።

እህቴ አልመለሰችላትም። ክርኗ እጄ ላይ ድንጋይ ሆኗል። «እታለም፣ መልሺላት እንጂ!» አልኩ። እሷ ካሜራውን ከፊቷ ዝቅ አድርጋ በጣቷ ቁልፉን ትጫናለች፣ ደግማ ትጫናለች። ምንም ድምፅ የለም። «እኔ አይደለሁም» አለችኝ በሹክሹክታ። «እምቢ ብሎኛል። እኔ አይደለሁም።»

ቀና ብለን ስናይ እማዬ ፈገግ ብላለች፤ መልሱን እንደሰማ ሰው ተረጋግታለች። አገጯ እንደቀና፣ እጆቿ ጉልበቷ ላይ እንዳሉ ነው። ሌላ ትንፋሽ አልሳበችም።

ጠራናት፣ አቀፍናት፣ እታለም ደረቷን ተጫነች፣ ጮህን። ሐኪሙ ሲመጣ ልቧ ነው አለ፤ ይሆናል፣ ልቧ ደካማ ነበር። ለእህቴ ውሃ ላመጣ ኩሽና ገባሁ። ግድግዳው ላይ የቻርጁ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ባትሪው እዚያው ቻርጁ ውስጥ ተቀምጧል። በጥድፊያው አላስገባችውም። አዲሷ ካሜራ ብትሆን ኖሮ ድርግም ብላ ትነግራት ነበር። ወፍጮው ግን መስታወት ነው፤ ሞቶም እናቷን አሳያት፣ እሷም ባትሪው ያለበት መስሏት ቆመች። ሆዱ ባዶ የነበረ ካሜራ ድምፅ አያወጣም። እኔ ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ከእጃችን አልመጣም። ከእማዬ እግር ሥር ነበር።

ያንን ፊት የያዘ ፎቶ የለንም። እታለም ከዚያ ወዲህ ወፍጮውን አልነካችውም። እሁድ እሁድ በትንሿ ካሜራዋ እኔን ታነሳኛለች፤ ሌላ ማን አላት? ሳትጨርስ አልነቃነቅም፣ ስትጨርስ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ትነግረኛለች። ያ ድምፅ ከየት እንደመጣ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ሌላ ነው፤ ባለፈውም እራት እየበላን ማንኪያዋን አስቀምጣ ጠየቀችኝ።

«እማዬ ተነሳሁ ስትል ዝም አልናት። ታዲያ ማነው ተነስተሻል ያላት?»

አላውቅም አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ክር እንኳ ሲበጠስብኝ ማሽኑን አላቆምም። እግሬን ከመርገጫው ሳላነሳ ባዶውን አስኬደዋለሁ።