በሽቦ የተሰፋችው ሲኒ

ጎረቤቷ ሻሮፋት ሱብሒ ከተሰገደ በኋላ ሞተች። ሩኽሶራ ወሬውን የሰማችው ግቢዋን ስትጠርግ ነው። መጥረጊያውን አልጣለችም። እስከ በሩ ድረስ ጠርጋ ጨረሰችና ወደ ቤት ገብታ የአያቷን ሲኒ ከሣጥኑ አወጣች።

አያቷ ቢቢ ኢኖያት የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ ስታጥብ ነው ያረጀችው። የሩኽሶራ እናት ለሥራ ብላ ሩስያ ሄዳ እዚያው ስትቀር ልጅቷን ያሳደገችውም እሷ ናት። የታመመ ካለ ሾርባ ይዛ ትሄዳለች፤ አራስ ካለች ልብስ ታጥባለች። የቡኻራ ከተማ ቧንቧ ሁሉ በረዶ በሆነበት ክረምት ሻሮፋት ጨቅላ ሴት ልጇ ስትሞትባት፣ በረዶ በምድጃ ላይ አቅልጣ ያጠበቻት ቢቢ ኢኖያት ነበረች።

ሰፈሩ ግን ልማድ አለው። ጀናዛ አጣቢ በጠጣችበት ሲኒ ማንም አይጠጣም፤ ሞት ከእጇ አይለቅም ይባላል። ቢቢ ይህን ስለምታውቅ የራሷን ሲኒ በመሐረብ ቋጥራ ነበር የምትዞረው። የረሳችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በሻሮፋት ልጅ በኡክታም ሠርግ ዕለት። ሠርገኛው በዝቶ፣ ግርግሩ በርትቶ፣ አንዷ ሻይ ስታቀብላት ሳታስበው ተቀብላ ጠጣች። ሲኒዋ ሻሮፋት ግድግዳው መደርደሪያ ላይ ለዓይን ብቻ ከምታስቀምጣቸው፣ አፋቸው በወርቅ ቀለም ከተቀባ ሲኒዎች አንዷ ነበረች።

«ኢኖያት! በልጄ ሠርግ ሞትን ልታጠጪን ነው የመጣሽው?» አለች ሻሮፋት፤ ሲኒዋን ከእጇ ነጥቃ ደፉ ላይ ፈጠፈጠቻት።

ሴቶቹ ሳቁ። ቢቢ ጎንበስ ብላ ስባሪውን በሻሿ ለቀመች።

«ጥሩ ሲኒ ነበረች» አለች። ሩኽሶራ አጠገቧ ቆማ ሁሉን አየች።

ቢቢ ስባሪውን ለአንድ ሽማግሌ ሰጥታ በሽቦ አሰፋችው። እስክትሞት ሻይ የጠጣችው በዚያች ሲኒ ነው።

«ይቅር ብለሻታል?» ብላ ሩኽሶራ ጠይቃት ነበር።

«እኔ? ምን ቆርጦኝ! ስትሞት ግን ውሃዋን አላቀዘቅዝባትም። ሥራ ሌላ፣ ቂም ሌላ። ሥራሽን በእጅሽ ያዢ፣ ቂምሽን በሆድሽ።»

ቀድማ የሞተችው ግን ቢቢ ሆነች። ሬሳ የሚታጠበው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ያጥባል። ሻሮፋት በየበሩ ዞራ «እሷን የነካች ዕጣዋን ትወርሳለች፣ እንዳትገቡ!» አለቻቸው። ማንም አልገባም። ሩኽሶራ በአንድ እጇ እየቀዳች በሌላው እያጠበች አያቷን ብቻዋን ገነዘቻት። ያን ዕለት ለራሷ ማለች፦ የአያቷን ሥራ ትወርሳለች፤ የሻሮፋት ቤት ግን በቢቢ ሲኒ ሳይጠጣ ሬሳውን አታጥብለትም።

እና አሁን በሯ ተንኳኳ። የኡክታም ሚስት ዲልራቦ ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«አፓ፣ ታላቅ እህቴ፣ በአላህ ድረሺልን። የወዲያኛው ሰፈር አጣቢ ሳማርካንድ ልጇ ዘንድ ናት አሉ። ከዐስር ሶላት በፊት መቀበር አለባት።»

«እናቱ የሞተችበት ማነው?»

«ኡክታም ነዋ።»

«እግር የለውም?»

ኡክታም ራሱ መጣ። የሐዘን ካባውን በመቀነት ታጥቋል። አንገቱን ደፍቶ ለመናት። ሩኽሶራ ሲኒዋን በመሐረብ ቋጥራ ተከተለችው።

የሰፈሩ ወንዶች በሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ግቢው ውስጥ የሬሳው ውሃ በትልቅ ድስት ይፈላል። ሩኽሶራ ከዚያው ከድስቱ ቀድታ ሻይ አፈላች። ሲኒዋን ሞላች። መጀመሪያ ራሷ ፉት አለችና ለኡክታም ዘረጋችለት።

«ጠጣ።»

ኡክታም ሽቦውን አየ። ሲኒዋን አወቃት።

«ሩኽሶራ፣ ሰው እያየ?»

«ሰው እያየ ነው የተሰበረችው።»

«ተይ እንጂ ልጄ» አሉ ኢማሙ ከወዲያ። «ሬሳ አይቆይም፣ ነውር ነው።»

«እኔ አላቆየሁትም። ሻዩ ነው እየቀዘቀዘ ያለው።»

ጥርስ የሌላቸው ዳቦ ጋጋሪ፣ ቦቦ ኮሚል፣ ከሰልፉ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በይው! ሚስቴን ያጠበችልኝ ኢኖያት አይደለችም እንዴ? ደግሞ ሞት ከእኔ ምን ሊወስድ? ጥርሴን እንደሆነ ጨርሶታል!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ። ሩኽሶራ ግን ሲኒዋን አልሰጠቻቸውም።

«የእርስዎ ይደርሳል ቦቦ። መጀመሪያ የቤቱ ልጅ።»

ኡክታም ተቀበለ። ደረቱ ላይ አንጠባጠበ፤ ቢሆንም ጨለጠው። ሩኽሶራ እንደገና ሞላችው። ዲልራቦ ቀጠለች፤ ዓይኗን ጨፍና ነው የጠጣችው። ከዚያ ቦቦ ኮሚል ነጥቀው ጠጡና አጠገባቸው ለቆመው አቀበሉት። እሱም ጠጣ። ያኛውም አስሞልቶ ጠጣ። ሩኽሶራ ይህን አላሰበችም ነበር፤ የፈለገችው የዚያን ቤት ጉሮሮ ብቻ ነው። ሆኖም አላስቆመቻቸውም። በሰልፉ ውስጥ የቢቢ እጅ ያልደረሰበት ቤት ሰው አልነበረም፤ ሲኒዋ እስከ ኢማሙ ደርሳ ባዶዋን ተመለሰች።

ሬሳው ወዳለበት ክፍል ስትገባ ድስቱ በስተግራ፣ ቀዝቃዛው ባልዲ በስተቀኝ ተቀምጦላታል። ባልዲውን ትኩር ብላ አየችው። በውርጭ ቀን፣ በዚያ ውሃ! ማን ያውቅባታል? ሻሮፋት እንደሆነ አትናገር።

ለዲልራቦ ጣሳውን ሰጠቻት።

«አንቺ ትቀጂያለሽ።»

«እኔ? አፓ፣ እኔ እኮ…»

«እኔ አያቴን ስገንዝ የሚቀዳልኝ አልነበረም። ለአማትሽ ግን አለ። ቅጂ።»

ሩኽሶራ ቀዝቃዛውን ከፍሉ ጋር አደባለቀች፤ ለጨቅላ እንደሚደረገው በእጅ አንጓዋ ለካችው። ሙቀቱ ትንሽ አነሳት፤ ከድስቱ ጨመረችበት። ሻሮፋትን ከራስ ጠጉሯ እስከ ጣቶቿ መሐል አጠበቻት፤ ጆሮዋን ጠረገች፤ አገጯን አሰረች። ይቅር አላለቻትም። መገነዣውን ከፈን ስታጠብቅ አንድም ቋጠሮ አልላላም።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ወደ እንግዳ ክፍሉ ገባች። የወርቅ አፍ ሲኒዎቹ እንደ ድሮው መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል፤ መሐላቸው አንድ ቦታ ክፍት ነው። የተሰፋችውን እዚያ አስቀመጠቻት።

ዲልራቦ በሩ ላይ ደርሳ አየቻት። «አፓ፣ እዚህ ላይ?»

«ቦታዋ ነው። ለበዓል ስመጣ በሷ ነው የምጠጣው። ካጣኋት፣» አለች ሩኽሶራ ገና ያልደረቁትን የዲልራቦን እጆች እያየች፣ «የሚቀጥለውን ሬሳችሁን እናንተው እጠቡ። መቅዳቱን ለምደሻል።»

ለዒድ ሄደች። ሲኒዋ አለች፤ ተወልውላለች። ሩኽሶራን ከክብር ቦታው አስቀመጧት፤ ኡክታም ራሱ ቀዳላት። ሻዩ ቀጭን ነበር፣ ሣር ሣር ይላል። ሩኽሶራ ግን በቢቢ ሲኒ ደጋግማ አስቀዳች።